የታዙ ቃል በፉሚ አፍ

ቆንስሉ መኪናውን ከበሩ ፊት ሲያቆም ታዙ ሙራሴ እጇ እስከ ክርኗ ውሃ ውስጥ ነበር። ከአኩሪ አተር ወተት የረጋውን ቶፉ እየቆረጠች ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትከታለች፤ ፀሐይ ሳትበረታ በየጃፓኖቹ ቤት ማድረስ አለባት። የብራዚሏ የቦም ሪያሾ ከተማ ቀይ አቧራ ከመኪናው ጎማ ተነስቶ ግቢዋ ሲገባ መጀመሪያ ያደረገችው የቶፉውን ሳጥን በጨርቅ መሸፈን ነው። እንግዳውን ቀና ብላ ያየችው ከዚያ በኋላ ነው።

ቆንስል ሂዳካ ነጭ ሱፍ የለበሰ ቀጭን ሰው ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው የለም። በጦርነቱ ተዘግቶ የኖረው ቆንስላ ጃፓንና ብራዚል ሲታረቁ በአውራጃው ከተማ እንደገና ሲከፈት የተላከው እሱ ነው፤ ከመጣም ወዲህ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ከጃፓን ሐኪሞች አስመጥቶ ዓይናቸው የታመመ የብራዚል ገበሬዎችን አሳክሟል። የተሻለ የጥጥ ዘር አከፋፍሏል። ለየትምህርት ቤቱ የጁዶ አስተማሪ ቀጥሯል። ጃፓኖቹን በጦርነቱ ዘመን «ሰላይ» እያሉ ይተፉባቸው የነበሩ ሰዎች ዛሬ ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም ይሏቸዋል። ይህን ሁሉ ታዙ በዝርዝር ታውቃለች፤ ሴት ልጇ ፉሚ የቆንስሉ አስተርጓሚ ነበረችና።

«ወይዘሮ ሙራሴ፣ ሥራ ላይ መጣሁብዎት» አለና አጎነበሰ።

«ቤቱ ጠባብ ነው እንጂ ይግቡ።»

አልገባም። በረንዳው ጠርዝ ላይ እንደ ጎረቤት ተቀመጠ። ቶፉ ስታቀርብለት ዓይኑን ጨፍኖ ቀመሰና፣ «ኪዮቶ ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ አልበላሁም» አለ። ታዙ የሚያቆላምጥ ሰው አንድ ነገር ሊወስድ እንደመጣ ታውቃለችና ቢላዋዋን አንስታ መቁረጧን ቀጠለች።

«የክልሉ ገዥ ሊመጣ ነው» አለ ቆንስሉ። «ልንሠራ ላሰብነው የወዳጅነት አዳራሽና የእርሻ ትምህርት ቤት መሬት ይሰጠናል። ልጆቻችን ከብራዚሎቹ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። ገዥው ግን እርስ በርሱ ለተጣላ ሕዝብ መሬት አልሰጥም ብሏል። እውነቱን ነው።»

«እኔ ከማንም ጋር አልተጣላሁም። ቶፉ ሻጭ ነኝ።»

«መድረኩ ላይ ከአቶ ኩራሞቶ ጎን እንዲቀመጡልኝ ነው የመጣሁት። ሪባኑን አብራችሁ ትቆርጣላችሁ። እርስዎ ደግሞ ሁለት ቃል ይናገራሉ፤ ፉሚ ትተረጉማለች።»

ታዙ ቢላዋውን አስቀመጠች።

ጎንዞ ኩራሞቶ የጥጥ መዳመጫው ባለቤት ነው። ጦርነቱ ሲጀመር የቀድሞው ቆንስል ከነሠራተኞቹ በመርከብ ወደ አገሩ ሄደ፤ ገበሬዎቹ ግን ቀሩ። ሬዲዮናቸው ተወሰደ፣ ትምህርት ቤታቸው ተዘጋ፣ በአደባባይ በቋንቋቸው መናገር ተከለከሉ። ጦርነቱ አብቅቶ ጃፓን ተሸነፈች የሚል ወሬ ሲመጣ አብዛኛው ሰው አላመነም። አሸንፈናል፣ ንጉሠ ነገሥቱ መርከብ ልኮልናል እያሉ መሬታቸውን በርካሽ ሸጠው ወደ ወደብ የወረዱ ነበሩ። የታዙ ባል ቴይኪቺ የገበሬዎቹ ማኅበር ጸሐፊ ነበር፤ የፖርቱጋልኛ ጋዜጣ ማንበብ ይችላል። በየቤቱ እየዞረ «ተሸንፈናል፤ የሚመጣ መርከብ የለም፤ መሬታችሁን አትሽጡ» ይል ጀመር። ከሃዲ አሉት። ኩራሞቶ መዳመጫው ውስጥ፣ ከጥጡ ክምር ኋላ፣ አሸንፈናል የሚሉትን ሰዎች ይሰበስብ ነበር።

አንድ ምሽት ጀንበር ስትጠልቅ ከደጅ «አቶ ሙራሴ አሉ?» የሚል ትሑት ድምፅ ተሰማ። ቴይኪቺ እጁን እያደራረቀ ወጣ። ከፊቱ የቆመው ሾጂ የሚባል የመዳመጫው ወጣት ሠራተኛ መጀመሪያ አጎነበሰ፣ ከዚያ ተኮሰ።

ሾጂ ፍርድ ቤት «ብቻዬን ነኝ» አለና እስር ቤት ገባ። እናቱ ግን በአራተኛው ቀን መጥታ ታዙ እግር ላይ ተደፋች፤ ሽጉጡን የሰጠው ኩራሞቶ እንደሆነ፣ እሷንም እስክትሞት ሊጦራት ቃል እንደገባ እያለቀሰች ተናገረች። ይህን የማያውቅ ጃፓናዊ ቦም ሪያሾ ውስጥ አልነበረም። ኩራሞቶ ራሱ ለቀብሩ መጥቶ፣ በሬሳ ሣጥኑ ፊት ለጥ ብሎ እጅ ነስቶ፣ የሐዘን ስጦታውን አኑሮ ሄዷል።

«ከማን ጎን እንደሚያስቀምጡኝ ያውቃሉ?» አለች ታዙ።

«አውቃለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ማወቅ ሥራዬ ነው ወይዘሮ ሙራሴ። አዳራሹን የሚያሠራው እሱ ነው። ሕዝቡ ደግሞ የሚያከብረው እርስዎን ነው። አንዳችሁ ብትጎድሉ አዳራሽ የለም።»

«ባሌ የሞተው እኮ የእናንተን ሥራ ሲሠራ ነው። ቆንስላው ዘግቶ ሄደ። ተሸነፋችሁ ብሎ የሚነግረን የመንግሥት ሰው አልነበረም። እሱ ነገረን።»

ቆንስሉ ጣቱን በመሐረብ ጠረገ።

«ልክ ብለዋል። አገርዎ የባልዎ ባለዕዳ ናት፤ እኔም ይህን አልክድም። ነገር ግን ድልድይ በሙታን ላይ አልፎ ይሠራል እንጂ ሙታንን ተሸክሞ አይሠራም።» ተነሳና ባርኔጣውን ያዘ። «ፉሚን ቶኪዮ ልከን ልናስተምራት አስበናል። አልነገረችዎትም? ብልህ ልጅ ናት። ፈቃዱን የሚፈርሙት የቶኪዮ ሰዎች የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤተሰቧ እንዴት ነው ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

መልሷን ሳይጠብቅ ስለ ቶፉው አመስግኖ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰዉ ጥየቃ በዛ። የባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ያላት ወይዘሮ ኦኖዴራ የራሷን ጥቁር የጃፓን የክት ቀሚስ፣ ኪሞኖ፣ ታቅፋ መጣች።

«ልክዎ ይሆናል ብዬ ነው» አለች።

«የሐዘን ነው ወይስ የሠርግ?»

«አይቀልዱ እንጂ። ለሁላችንም ብለው ይዋጡት። ስንት ዓመት ሙሉ አንገታችንን ደፍተን ኖርን፤ አሁን ቀና ልንል ስንል…» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰዉ ቶፉ ከሌላም መግዛት ይችላል እያለ ነው። እኔ አላልኩም፤ ሰዉ ነው።»

«ሰዉ አፍ አበጀ በሉኛ» አለች ታዙ። «ያን ጊዜ የት ነበር?»

ፉሚ ቅዳሜ ከአውራጃው ከተማ መጣች። ከከተማ የተገዛ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«እማዬ፣ እሺ በይ።»

«ቶኪዮ ልትሄጂ ነው አሉ።»

«ካልተበላሸ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፊትሽን ስለማውቀው። ሰውየው እኮ አርጅቷል እማዬ።»

«አባትሽም ቢኖር ያረጅ ነበር።»

ፉሚ ሻንጣዋን ወለሉ ላይ ጣለችው። «የበሩን ድንጋይ ያጠብኩት እኔ ነኝ! አንቺ አጠገቤ ቆመሽ እንኳ አላየሽኝም። ልጅ ነበርኩ፤ ደሙ አለቅ ሲለኝ በአሸዋ ፈተግኩት። አልረሳሁም። ግን ዕድሜ ልኬን እዚያ ድንጋይ ላይ ተንበርክኬ ልኑር? አንቺ ትፈልጊያለሽ እንዴ?»

ታዙ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ድንጋዩን ማን እንዳጠበው ጠይቃ አታውቅም። ያን ቀን የሆነውን ስታስታውስ ራሷንና ቴይኪቺን እንጂ ልጅቷን በዓይነ ልቦናዋ አይታት አታውቅም ነበር። የልጇን ሻንጣ ከወለሉ አንስታ፣ «እሺ፤ እቀመጣለሁ» አለች። «እናገራለሁም።»

ፉሚ እናቷን አቀፈች። «የምትዪውን ላዘጋጅልሽ?»

«አያስፈልግም። አጭር ነው።»

መሬቱ በሚሰጥበት በዓል ዕለት አደባባዩ ሙሉ ነበር። የከተማው ማርሽ ባንድ ይነፋል፤ የብራዚሎቹ ልጆች የሁለቱን አገር ባንዲራ ይዘው ይንጫጫሉ። ገዥው ወፍራም፣ ላብ የሚያጠምቀው፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ታዙ የወይዘሮ ኦኖዴራን ኪሞኖ ለብሳ መድረኩ ላይ ስትወጣ ኩራሞቶ ከወንበሩ ተነስቶ አጎነበሰላት። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ከዓመታት በኋላ ይህን ያህል ስትቀርበው የጥጥ ፍሬ ዘይት ይሸታል።

«ፀሐዩ ከብዷል» አለ በዝግታ፣ ዣንጥላውን ወደ እሷ እያዘነበለ። «ጥላው ለእርስዎ ይሁን።»

መቀሱ አንድ ነበር። እጇ ከሥር፣ እጁ ከላይ ሆነ። መዳፉ ደረቅና ሞቃት ነው። ፎቶ አንሺው «አንዴ ቆዩ!» ብሎ ጮኸ፤ እስኪያነሳ ድረስ እጁ እጇ ላይ ቆየ። ከዚያ ሪባኑ ወደቀ፣ ሰዉም አጨበጨበ።

ቆንስሉ በፖርቱጋልኛ ተናገረ፣ ገዥው ተናገረ፣ ኩራሞቶም በአጭሩ አመሰገነ። የታዙ ተራ ሲደርስ ፉሚ ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገችላትና ከጎኗ ቆመች።

«ስሜ ታዙ ሙራሴ ነው» አለች ታዙ በጃፓንኛ። «ባሌን ቴይኪቺን ያስገደለው ይህ አጠገቤ የተቀመጠው ጎንዞ ኩራሞቶ ነው። ሽጉጡን የሰጠው እሱ ነው። ክቡር ገዥው ይህን ሳያውቅ መሬት እንዳይሰጥ ብዬ ነው የመጣሁት። ሌላ የምለው የለኝም።»

ጃፓኖቹ በተቀመጡበት በኩል የሚወዛወዘው ማራገቢያ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆመ። ኩራሞቶ ዓይኑን ጉልበቱ ላይ ባለው ባርኔጣ ተክሎ ቀረ፤ ጆሮው ከሥሩ ቀልቷል። ቆንስሉ ወደ ፉሚ አየ። ብራዚሎቹ ያልገባቸውን ነገር በፈገግታ ይጠብቃሉ።

ፉሚ ከንፈሯ ነጣ። ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብላ በጠራ ድምፅ መተርጎም ጀመረች። ታዙ የምታውቀው ፖርቱጋልኛ የገበያ ነው፤ ስንት ነው፣ ውድ ነው፣ ነገ ና። የልጇ ቃል እንደ ወንዝ ሲወርድ ዓሣ እንደሚይዝ ሰው አንዳንዱን ብቻ ያዘች። «አመሰግናለሁ» የሚለውን ያዘች። ቀጥሎ «ወንድም» የሚለውን ያዘች። «ወንድም» ሁለት ጊዜ ተባለ።

ገዥው ብድግ አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። የታዙን እጅ ወስዶ ሳመ፣ ኩራሞቶንም ጎትቶ አስነሳና ሦስቱን ባንድ ላይ አቀፈ። አደባባዩ በጭብጨባ ተናወጠ፣ ባንዱም ጀመረ። ታዙ በገዥው ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ ጃፓኖቹ አየች። መጀመሪያ ያጨበጨበችው ወይዘሮ ኦኖዴራ ናት። ከዚያ ሁሉም አጨበጨቡ።

ኩራሞቶ ከእቅፉ ሲላቀቅ ለታዙ ለጥ ብሎ አጎነበሰ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት ጠፍቷል።

«ጥሩ ልጅ አሳድገዋል» አላት በጃፓንኛ፣ ማንም ሳይሰማው።

ፉሚ ከሰዓት በኋላ ቤት መጣች። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«ምን ብለሽ ተረጎምሽ?» አለች እናቷ።

«እማዬ…»

«ቃል በቃል ንገሪኝ።»

ፉሚ መሬት መሬት እያየች ተናገረች። «‹ክቡር ገዥውን አመሰግናለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ አቶ ኩራሞቶ እንደ ወንድም ሆኖ አኑሮናል። የብራዚልም ሕዝብ ወንድማችን ነው› አልኩ።»

«ቆንስሉ ነው ያስጠናሽ?»

«አይደለም። ከራሴ ነው።» ቀና አለች። «ሌላ ምን እንድል ፈለግሽ? እሱ እንደሆነ አይታሰርም። እኔ ግን እቀር ነበር። እዚህ! ቶፉ እየቆረጥኩ!»

ታዙ አልመታቻትም፤ ድምፅዋንም አላነሳችም። «በልተሻል?» ብላ ጠየቀች። አልበላሁም ስትላት ሩዝና ሾርባ አቀረበችላት። ፉሚ እያለቀሰች በላች። እናቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ቶኪዮ ስትደርሺ አባትሽ እንዴት ሞተ ብለው ይጠይቁሽ ይሆናል» አለቻት ሳህኑን እያነሳች። «እንዳትቸገሪ። ወንድሙ ቀበረው በያቸው።»

ፉሚ ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ወጣች። ከወር በኋላ መርከብ ተሳፈረች። ታዙ ወደብ ድረስ አልሸኘቻትም። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አልተያዩም።

ታዙ ከሰፈሩ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ጎን የምትኖረውን ልብስ አጣቢ ጎረቤቷን ዤኔሮዛን ፖርቱጋልኛ አስተምሪኝ አለቻት። ዤኔሮዛ ሳቂታ፣ ክንደ ወፍራም ሴት ናት፤ እያጠበች ታስተምራለች።

«እሺ፣ ምን ማለት መጀመሪያ ትፈልጊያለሽ ዶና ታዙ?» አለቻት፤ ዶና በቋንቋቸው ወይዘሮ ማለት ነው።

«‹አስገደለ› ማለት።»

ዤኔሮዛ ሸሚዙን ከነሳሙናው ይዛ አየቻት። «እኔን ስሚኝ፤ መጀመሪያ ‹እንደምን አደርክ› ማለት ተማሪ። ሰውን በአንዴ ‹አስገደለ› ብለሽ ብትገቢበት ይደነግጣል።»

ታዙ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። የዝናቡን ወራት በሙሉ ተማረች። ዤኔሮዛ ለምን እንደሆነ ጠይቃት አታውቅም፤ አንደበቷ ሲተሳሰር ብቻ «ምላስሽን ወደ ላይ አንሺው እንጂ» ትላታለች። ጃፓኖቹ ቶፉውን መግዛት አላቆሙም፤ ገንዘቡን ሲሰጧት ግን ዓይኗን አያዩም። አዳራሹ ጣሪያ ሲለብስ ታዙ ቃሏን አንድም ሳትስት መናገር ቻለች።

ገዥውን ማግኘት የሚቻል አልነበረምና ከንቲባው ዘንድ ሄደች። ከንቲባ ባዚሊዮ ከሹመቱ በፊት መድኃኒት ሻጭ ነበር፤ ለቴይኪቺ የሳል ሽሮፕ ሸጦለት ያውቃል። ቆማ ሁሉንም በፖርቱጋልኛ ነገረችው። የሾጂን፣ የእናቱን፣ የሽጉጡን። መድረኩ ላይ ያለችውንና ልጇ ያላለችውን።

ከንቲባው ተነስቶ በሩን ዘጋ። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«ዶና ታዙ» አለ እንደ ሐኪም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ይህን እኮ እናውቃለን።»

«ማን?»

«ሁላችንም። የያን ጊዜው የፖሊስ አዛዥ ካርታ አብሮኝ ይጫወት ነበር። ኩራሞቶ እንደሆነ በሳምንቱ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን አልያዘውም?»

«የጃፓኖች ነገር ነው፣ እርስ በርሳቸው ነው አለ። ማን ጃፓንኛ ሲሰማ ይኖራል? ጥጡ ደግሞ በጊዜው መዳመጥ ነበረበት። ገበሬው ሁሉ ይጠብቅ ነበር፤ የኛውም ገበሬ።»

«ገዥው ግን አያውቅም» አለች ታዙ። የቀራት ይህ ብቻ ነበር።

ባዚሊዮ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «ገዥው ለበዓሉ ገና ሳይመጣ ቆንስሉ ነግሮታል። ሰውየው ባሏን አስገድሏል፣ እሷ ግን ይቅር ብላው አብራው ትቀመጣለች ብሎት ነው መሬቱን ያስፈቀደው። ገዥው ያለቀሰውም ለዚሁ ነው። እስከ ዛሬ ያወራዋል፤ እንዲህ ያለ ይቅርታ በክርስቲያኖች ዘንድ እንኳ አላየሁም ይላል።»

ታዙ እጆቿን ጉልበቷ ላይ እንዳነባበረች ቀረች። የምትለው ሌላ አረፍተ ነገር አልተማረችም። ከንቲባው ውሃ ቀድቶ ሰጣትና እስከ በሩ ሸኛት።

«ደግሞ ፖርቱጋልኛዎ እንዴት ጥሩ ሆኗል» አላት በፈገግታ። «ከልጅዎ ነው የተማሩት?»

አዳራሹ ተመረቀ። እርሻ ትምህርት ቤቱም ተከፈተ፤ የጃፓኖቹና የብራዚሎቹ ልጆች እንደተባለው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተማሩ፣ ከነሱም ጥሩ ጥሩ ገበሬና መሐንዲስ ወጣ። ቆንስል ሂዳካ በሹመት ወደ ትልቅ አገር ተዛወረ። ኩራሞቶ በሚቀጥለው ክረምት አልጋው ላይ፣ ልጆቹ ከበውት፣ በእንቅልፉ ሞተ።

የቀብሩ ቀን ሱቆች ተዘግተው ነበር። ሬሳው አዳራሹ መሐል አርፏል፤ የገዥው የአበባ ጉንጉን ከራስጌው ተቀምጧል። ታዙ የራሷን የሥራ ልብስ ለብሳ ገባች። ሰዉ መንገድ እየከፈተላት አለፈች። ሣጥኑ ዘንድ ስትደርስ ቆመችና በጃፓንኛ፣ «ባሌን ያስገደለው ይህ ሰው ነው» አለች። ቀጥላም ያንኑ በፖርቱጋልኛ፣ አንድ ቃል ሳትስት፣ ኋላ ላሉት እንዲሰማ አድርጋ ደገመችው።

ማንም አላስወጣትም። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። የባንክ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሚስት ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ምስኪን፣ እንደ ወንድሟ ነበር እኮ የሚያያት፤ ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው» አለች። ወይዘሮ ኦኖዴራ ክንዷን ቀስ አድርጋ ያዘቻት። ከኩራሞቶ ወንዶች ልጆች አንዱ ከዘመዶቹ ረድፍ ወንበር አንስቶ አመጣላትና ከአባቱ ራስጌ አጠገብ፣ ቤተሰቡ በሚቀመጥበት ቦታ፣ አስቀመጣት።

እግሯ ዝሎ ነበር። ተቀመጠች።